1340 አመጣች፤ ታዲያ ስንት ይከፍሉላታል?

የእህቴ ልጅ የኤስኤቲ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ማለት ነው፣ ውጤቷ የወጣ ቀን ስልኬ ፋታ አጣ። 1340 አምጥታለች፤ ሒሳብ 700፣ ንባብና ጽሑፍ 640። ታናሽ እህቴ ደወለች፣ እናቴ ደወለች፣ አሜሪካ ከገባን ወዲህ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ዘመድ ሳይቀር ደወለ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ስኮላርሺፕ ያሰጣታል?» እኔም ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ፤ «እንደሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነው።» ማንም አልወደደልኝም። እናቴማ «ልጅቷ ፈተናውን ጨርሳ አንተ ገና ሰበብ ትደረድራለህ?» ብላ ዘጋችብኝ።

እውነቱ ግን ይኸው ነው። ውጤት ገንዘብ አይደለም። ያው 1340 አንዱ ጋ ከትምህርት ክፍያው ትልቅ ድርሻ ያስቀንሳል፣ ሌላው ጋ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ሌላው ጋ ደግሞ ጭራሽ ማየት አይፈቀድም። እንግሊዝኛ ወረቀት የማገላብጠው እኔ ስለሆንኩ የቤተሰቡ ያለ ደመወዝ አማካሪ ሆኛለሁና፣ እስካሁን የገባኝን እንዲህ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ። የኤስኤቲ ሁለቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከ200 ተነሥተው 800 ላይ ያበቃሉ። ስለዚህ ድምሩ ከ400 እስከ 1600 ነው። አንድም ጥያቄ ያልመለሰ ልጅ እንኳን 400 ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ብዙ ወላጅ 1340ን ለ1600 ያካፍልና «84 ከመቶ!» ስለሚል ነው። እንደዚያ አይሰላም። ማለፊያና መውደቂያ የሚባል ነገርም የለውም። ቁጥሩ የሚናገረው ልጁ ከሌሎች ተፈታኞች መሐል የት ጋ እንደቆመ ነው። 1200 ያመጣ ከ4 ተፈታኞች 3ቱን ገደማ ይበልጣል፤ 1340 ያመጣ ከ10ሩ 9ኙን ገደማ። ውጤቱ ላይ «ፐርሰንታይል» ተብሎ የሚወጣው ይኸው ደረጃ ነው። ከመቶ ስንት መለሰ ማለት አይደለም።

ከዋናው ቁጥር አጠገብ ደግሞ ብዙ ሰው የማያያት ትንሽ መሥመር አለች። የእህቴ ልጅ ላይ «1300–1380» ትላለች። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ፤ ልጅቷ በሌላ ቀን ብትፈተን፣ ምንም ሳትጨምር ምንም ሳትቀንስ፣ ውጤቷ እዚያ መሐል ሊወዛወዝ ይችላል። ይህን የሚለው ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ራሱ ነው። ፈተናውን ያወጣው ክፍል እንኳን 1340ንና 1360ን በእርግጠኝነት አይለያቸውም። ገንዘብ ሰጪው ግን ይለያቸዋል። መሥመሩን 1360 ላይ ካሰመረ፣ 1350 ያመጣ ልጅ ውጪ ቀረ። ይግባኝ የለውም።

በኤስኤቲ ፋንታ ስለሚወሰደው ሌላው የመግቢያ ፈተና፣ ስለ ኤሲቲ፣ ብዙ የሚባል የለም። ነጥቡ ከ1 እስከ 36 ነው፤ ሁለቱን የሚያመሳክር ሰንጠረዥ በ2018 ወጥቷል። የኤሲቲ 25 ከኤስኤቲ 1200 እስከ 1220፣ 29ኙ ደግሞ ከ1330 እስከ 1350 ጋር እኩል ይቆጠራል። ዩኒቨርሲቲዎቹ አንዱን ከሌላው አያበላልጡም፤ ልጁ የተመቸውን ይፈተን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰውን የሚያሳስተው «ስኮላርሺፕ» የሚለው ቃል ነው፤ ጨርሶ የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን።

አንደኛውን እኔ «የሰንጠረዥ ገንዘብ» እለዋለሁ። አንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ለምሳሌ አላባማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ይታወቃል፣ ጂፒኤን፣ የትምህርት ቤት አማካይ ነጥብን ማለት ነው፣ ከፈተና ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጠው ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ጂፒኤሽ ይህን ያህል፣ ኤስኤቲሽ ከዚህ እስከዚህ ከሆነ፣ በዓመት ይህን ያህል ዶላር። በቃ። ድርሰት የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ፣ «ለምን እንደሚገባሽ አስረጂ» የለ። በጊዜው ካመለከትሽ ያንቺ ነው። በእኔ እይታ ለእኛ ልጆች ከዚህ የሚቀል ገንዘብ የለም። የእኛ ቤተሰብ ግን ከሁሉም የሚንቀው ይህንኑ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስም ሰርግ ላይ ሲጠራ ማንም አያውቀዋላ!

ሁለተኛው ውድድር ነው። ዩኒቨርሲቲው ካመለከቱት ውስጥ ጥቂቶቹን መርጦ ሙሉ ወይም ግማሽ ይከፍልላቸዋል። እዚህ ላይ ውጤት ከብዙ መመዘኛ አንዱ ብቻ ነው፤ ድርሰቱ አለ፣ የመምህራን ደብዳቤ አለ፣ ልጁ ከክፍል ውጪ የሠራው አለ። አንድ ልብ በሉ፤ የዚህ ማመልከቻ የመጨረሻ ቀን ብዙ ጊዜ ከመግቢያው ማመልከቻ ይቀድማል። ለመግባት እስከ ጃንዋሪ ጊዜ ያለው ትምህርት ቤት፣ ለገንዘቡ ኖቬምበር 1 ወይም ዲሴምበር 1 ላይ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው ከውጤት ጋር ጉዳይ የለውም። የቤተሰቡን አቅም አይቶ የሚሰጥ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ፔል ግራንት ለምሳሌ፣ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነው፤ ኤስኤቲ ስንት አመጣህ ብሎ አይጠይቅም። ጉድ የሚያሰኘው ግን ይሄ ነው፤ ሃርቫርድን፣ ዬልንና ፕሪንስተንን ጨምሮ ስምንቱም የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ለማንም። 1600 ያመጣ ልጅ ስለ 1600ው አንዲት ዶላር አያገኝም። ውጤቱ በሩን ለማስከፈት ይረዳዋል፤ ከገባ በኋላ የሚሰጠው ገንዘብ የሚሰላው በቤተሰቡ ገቢና ንብረት ነው። ስለዚህ «እገሌ ሃርቫርድ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባል፣ ጉብዝናው ያስገባው መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሙሉውን ያስገኘለት የአባቱ የደመወዝ ወረቀት ነው።

«ማየት አይፈቀድም» ያልኩት ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ነው፤ በርክሊና ዩሲኤልኤ ያሉበትን ማለት ነው። እነሱ ኤስኤቲንም ኤሲቲንም ለመግቢያም ሆነ ለስኮላርሺፕ አይጠቀሙበትም። የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግረው ለሦስት ወር የከፈለውን የአስጠኚ ክፍያ አስቦ ዝም አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለእኔ የነገሩ እምብርት ነው። 1340 ጥሩ ነው ወይስ አይደለም? በራሱ መልስ የለውም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ካሉት ልጆች ጋር ነው የሚለካው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከተመዘገቡት ተማሪዎች መካከለኛው ግማሽ ከስንት እስከ ስንት እንዳመጣ ይናገራል። የአንዱ ከ1500 እስከ 1560 ነው እንበል። እዚያ 1340 ይዞ የሚሄድ ልጅ ቢገባም እንኳን «እባክህ ና» ብሎ የሚከፍልለት አይኖርም። የሌላው ከ1050 እስከ 1250 ነው እንበል። እዚያ ያው 1340 የትምህርት ቤቱን አማካይ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ስለዚህ ልጁን ይፈልጉታል፤ ለሚፈልጉት ልጅ ደግሞ ዋጋ ይቀንሳሉ። በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ቅናሽ ነው። ሽልማት ነው ብለን ስለምናስብ ነው ትልቅ ስም ያለው ጋ ሄደን የምንፈልገው።

ይህን ቁጥር የት ታገኙታላችሁ? «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ይሞሉታል፤ የትምህርት ቤቱን ስም ከዚህ ቃል ጋር ጽፋችሁ ብትፈልጉ ይመጣል። አሰልቺ ነው፣ ገጹ ብዙ ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ብቻ ብታነቡ ይበቃል። ሲ የሚለው ክፍል ውስጥ የተማሪዎቹ ውጤት አለ። ኤች የሚለው ክፍል ውስጥ ገንዘቡ አለ፤ ችግረኛ ላልሆኑ ተማሪዎች በውጤት ስንት ሰው እንደተሰጠው፣ በአማካይ ስንት ዶላር እንደሆነ፣ ኤች6 ላይ ደግሞ ከውጭ አገር ለመጡት ስንት እንደተሰጠ። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ነው። ሁለት ሰዓት ከመጨቃጨቅ አምስት ደቂቃ እሱን ማየት ይሻላል።

በነገራችን ላይ ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ውጤት መላክን በፈቃደኝነት አድርገውታል። አንዳንዶቹ ተመልሰዋል፤ ኤምአይቲ በ2022፣ ዳርትማውዝና ሃርቫርድ በ2024 ግዴታውን እንደሚመልሱ አስታውቀዋል። «በፈቃደኝነት» ሲባል ግን ተጠንቀቁ። ለመግባት በፈቃደኝነት ነው ማለት ለገንዘቡም በፈቃደኝነት ነው ማለት አይደለም። ውጤት ሳይልክ የገባ ልጅ፣ ውጤት የሚጠይቀው ስኮላርሺፕ ላይ ስሙ ሳይታይ ያልፋል። ማንም ደውሎ አይነግረውም።

አሁን ስለ መቁረጫ ነጥብ። ጆርጂያን እንውሰድ። እዚያ ሆፕ የሚባል የግዛቱ ስኮላርሺፕ አለ፤ 3.0 ጂፒኤ ላለው ልጅ ኤስኤቲ አይጠይቅም። ከሱ ከፍ የሚለው ዜል ሚለር ደግሞ 3.7 ጂፒኤና ኤስኤቲ 1200 ይፈልጋል፤ 1200ው የሚቆጠረው በአንድ ቀን ፈተና ከመጣ ብቻ ነው። ለምን ይህን አጥብቄ እላለሁ? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ሱፐርስኮር» የሚሉት አሠራር አላቸው፤ ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢፈተን ከእያንዳንዱ ክፍል የተሻለውን ለቅመው ይደምሩለታል። መጋቢት ላይ ሒሳብ 620 ንባብ 570፣ ነሐሴ ላይ ሒሳብ 590 ንባብ 600 ያመጣ ልጅ በሱፐርስኮር 1220 አለው። ለዜል ሚለር ግን አንዱ ቀን 1190 ነው፣ ሌላውም ቀን 1190 ነው። 10 ነጥብ ጎደለው። ስለዚህ «መቁረጫው ስንት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «በአንድ ፈተና ነው ወይስ ተለቅሞ?» ብላችሁም ጠይቁ።

እኛ ያመለጠን ሌላ ነገር ነው። 11ኛ ክፍል ኦክቶበር ላይ ፒኤስኤቲ የሚባል ፈተና አለ። ልጅቷ «ልምምድ ነው» ብላን ነበር፤ እኛም ልምምድ ነው አልን፣ ሳታጠና ሄደች። ለካ ናሽናል ሜሪት የሚባለው ስኮላርሺፕ የሚመረጠው በሱ ውጤት ነው። ያውም ስሌቱ ሌላ ነው። የንባብና ጽሑፉ ነጥብ በሁለት ይባዛል፣ ሒሳቡ ይደመርበታል፣ ድምሩ ለ10 ይካፈላል። የእህቴ ልጅ ንባብ 610፣ ሒሳብ 680 ነበራት። 1220 ሲደመር 680፣ 1,900፤ ለ10 ሲካፈል 190። ተገልብጦ ንባቡ 680 ሒሳቡ 610 ቢሆን ኖሮ 197 ይሆን ነበር። ድምሩ ሁለቱም ላይ ያው 1290 ነው! ለሒሳብ ብቻ የሚያጠኑ ልጆች ያሏችሁ ይህችን ያዙልኝ። መቁረጫው ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ205 በላይ ነው፤ እኛ በሁለቱም መንገድ አንደርስም ነበር፣ ቢሆንም ቆጨኝ። ድርጅቱ የሚሰጠው 2,500 ዶላር አንዴ ብቻ ነው፤ ትልቁ ነገር አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች መጨረሻው ዙር ለደረሱ ልጆች የሚጨምሩት ነው።

ውጤቱ ደርሶ ወረቀቱ የማይደርስበት ጊዜም አለ። ናሽናል ሜሪት ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ ቢያንስ ለግሪን ካርድ አመልክቶ ያልተከለከለና ዜጋ የመሆን ሐሳብ ያለው ልጅ ይፈልጋል። የመንግሥት ዕርዳታ የሚጠየቅበት ፋፍሳም እንደዚሁ ነው፤ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ይሞላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው በዚያ ብቻ አያገኝም። ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላም ብቻውን አያበቃም። የግዛት ገንዘብ ደግሞ ነዋሪነት ይጠይቃል፤ በአብዛኛው ቢያንስ 12 ወር። አዲስ ገቢ ከሆናችሁ ከዚህኛው ግዛት ወደዚያኛው ለሥራ ብላችሁ ከመዛወራችሁ በፊት ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ አስቡ።

ከአሜሪካ ውጪ ሆኖ ለሚያመለክት ልጅ ነገሩ ጠባብ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የለም። የሚቀረው የዩኒቨርሲቲው የራሱ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ እነዚህና ጥቂት ሌሎች ከውጭ የመጣውንም ልጅ ሲመርጡ ገንዘብ ጠየቀ አልጠየቀ ብለው አያዩም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞሉለታል። ሌሎቹ ግን አብዛኞቹ ያያሉ። ያኔ ገንዘብ መጠየቁ ራሱ የመግባት ዕድሉን ሊቀንሰው ይችላል። ከባድ ውጤት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው ለጥቂት ልጅ ነውና። ደግሞ «ስኮላርሺፑ ተገኝቷል፣ ለማስያዝ ይህን ያህል ላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ ሌባ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ደግሞ አትጨፍሩ። የጓደኛዬን ልጅ ደብዳቤ አብረን ከፍተን ነበር። ከላይ በደማቁ 28,000 ዶላር ይላል። እናቱ እልል አለች። ወርደን ስናነበው 20,000ው ስኮላርሺፕ ነው፣ 5,500ው ብድር ነው፣ 2,500ው ደግሞ ልጁ ግቢ ውስጥ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው። ብድርንና ደመወዝን ከስጦታ ጋር ደምረው «ዕርዳታ» ይሉታል። ጠቅላላ ወጪው 52,000 ነበር፤ ትምህርቱ 36,000፣ ዶርምና ምግብ 13,000፣ የቀረው ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚሸፍነው ደብዳቤው ያሳየውን 24,000 ሳይሆን 32,000 ነው። በዓመት! ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚል ቢመጣ እንኳን ዶርሙና ምግቡ አለ፤ ሁሉን የሚሸፍነው ሌላ ስም ነው ያለው፣ «ፉል ራይድ» ይባላል፤ ደብዳቤው ላይ ቃሉን ፈልጉ።

ሌላም አለ። የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ነው ወይስ አራቱንም? አራቱንም ከሆነ ስንት ጂፒኤ ይዞ? 3.0 የሚል ብዙ ነው፤ ዜል ሚለር 3.3 ይላል። ሁለተኛ ደረጃ 3.9 የነበረው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ኬሚስትሪ 2.7 ላይ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ብርቅ አይደለም። ከውጭ፣ ከቤተክርስቲያንም ይሁን ከማኅበር፣ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኘ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ያንኑ ያህል ከራሱ ላይ ሊቀንስበት ይችላል። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ድጋሚ ትፈተን ወይስ ይብቃት በሚለው ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እኔ ያልኩት፣ የምታመለክትባቸውን ቦታዎች መሥመር እንይ ነው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሰንጠረዡ ላይ ከ1300 እስከ 1350 ላመጣ 8,000፣ ከ1360 ጀምሮ ላመጣ 12,000 ዶላር በዓመት ይላል፤ ሱፐርስኮርም ይቀበላል። ስለዚህ የሚጎድላት ንባቡ ላይ 20 ነጥብ ብቻ ነው፤ ሒሳቡ 700 ተይዟል። ክረምቱን ንባብ ብቻ አጠናች። ሒሳብ አልነካችም፣ እናቷ ብትጮህም አልነካችም።

የነሐሴው ውጤት ወጣ፤ ንባብ 660፣ ሒሳብ 670። ድምር 1330። ስልኬ እንደገና ፋታ አጣ፣ በዚህኛው ግን የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። «አይዟት» አሉኝ፤ «ምን ይደረግ» አሉኝ። 660ን ከ700 ጋር ስትደምሩ 1360 ነው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። የሰማኝ የለም። ማርች ላይ የ12,000 ዶላሩ ደብዳቤ ሲመጣ ፎቶ አንስቼ ለሁሉም ላክሁ። እናቴ አሁንም አላመነችም። «ቀንሳ እያመጣች እንዴት ይጨምሩላታል?» ትላለች፣ «ደህና አርገህ አንብበው፣ ሌላ ሰው ደብዳቤ እንዳይሆን።»